ስንዝር የማይሞላ መንገድ

ካርቱም፣ ዴም የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ሪክሻዎች ከሚቆሙበት ጥግ፣ አንድ ጠባብ የትኬት ቢሮ ነበር። ግድግዳው ላይ ጠርዙ የተቀደደ ትልቅ የአፍሪካ ካርታ ተለጥፎበታል። ትኬት ቆራጩ ሱዳናዊ ወጣት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ መስመር ሲጠብቅ እኔ አውራ ጣቴን ካርቱም፣ ሌባ ጣቴን ጎንደር ላይ አሳረፍኩ። እጄን መዘርጋት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ስንዝር አይሞላም።

«ከዚህ እዚህ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።

ቀና ብሎ ጣቶቼን አየ። «ሳዓ ዋሕዳ» አለኝ፣ አንድ ሰዓት። ቀጥሎም በሚያሳዝን ድምፅ «ላኪን ማፊ ተያራ» አለ። አውሮፕላኑ ግን የለም።

ልክ ነው፣ ከካርቱም ጎንደር የሚበር አውሮፕላን አልነበረም። መጀመሪያ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ፤ እሱ ሁለት ሰዓት አይሞላም። እዚያ ተራ ጠብቄ በሌላ አውሮፕላን ወደ ሰሜን፣ ወደ መጣሁበት አቅጣጫ መመለስ አለብኝ። አገሬን በጎን አልፌያት ሄጄ እንደገና ወደ እሷ። ይህን የፈለሰፈው ሰው እናት አልነበረችውም እላለሁ እስከ ዛሬ። በመኪና ገዳሪፍ፣ ከዚያ ገላባት፣ ድንበሩን ተሻግሮ መተማ፣ ከዚያ ጎንደር ነው። በደጉ ጊዜ ዛሬ የተነሣ ሰው ነገ ማታ እናቱ ቤት እራቱን ይበላል። ግን ደጉ ጊዜ አልነበረም። ከጦር ሠራዊቱ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ለተቃውሞ ተቀምጠው የነበሩት ሰዎች በተኩስ የተበተኑበት ሰሞን ነበር። መንገዱ በጡብና በጎማ ታጥሯል፣ ኢንተርኔት ተቆርጧል፣ አውቶቡሶች ቆመዋል፣ አውሮፕላኖችም የሚመጡት ደስ ሲላቸው ነው።

ዴም ለአውሮፕላን ማረፊያው ጎረቤት ነው። ስኖርበት በቆየሁበት ዘመን ሁሉ አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር የጣሪያዬ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔም በተኛሁበት «ሂድልኝ ወዲያ!» እያልኩ እሳደብ ነበር። በዚያ ሰሞን ሰማዩ ጭጭ አለ። እንዲያ ስሰድበው የኖርኩትን ድምፅ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ።

እንደዚያ የተጣደፍኩት እናቴ በሕይወት አለች ስለተባልኩ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ሞታለች ተብዬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ወንድሜ የምንገናኘው በኢንተርኔት ነበር። እሱ አዘዞ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ይኖራል፤ እናታችንም እሱ ዘንድ ናት። በየሳምንቱ ፊቷን አያለሁ፣ ስልኩን ግንባሯ ላይ አስጠግታ «አይታየኝም፣ አንች ታይኛለሽ?» ትለኛለች። ኢንተርኔቱ ሲቆረጥ ይህም ቀረ። ዴምም መብራት ስላልነበረው የእኔ ስልክ ድርግም ብሎ ተኝቷል። ወንድሜ በመደበኛው መስመር ቢሞክር ቢሞክር አላገኘኝም። ስለዚህ የአገራችን ሰዎች ማኅበር ሰብሳቢ ወደሆኑት ሰው ደወለ። ጋሼ እንላቸዋለን፤ ዴም ውስጥ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ፣ ለሁሉም ሰው አባት ነኝ የሚሉ ሰው ናቸው። መስመሩ እየተቆራረጠ «እናታችን ታማለች፣ እህቴን ቶሎ ላኩልን» አላቸው። ከዚያ ተቋረጠ።

የእኛ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚሰማ አንባቢዬ ያውቀዋል። በሩቅ ላለ ሰው «ሞተች» ተብሎ አይነገርም። «ትንሽ አሟታል፣ ነይ» ነው የሚባለው። ያውም ለራሱ ለባለቤቱ አይደወልም፤ ለጎረቤት፣ ለማኅበር፣ ለነፍስ አባት ነው የሚደወለው፣ እነሱ በሥርዓቱ እንዲያረዱ። ጋሼ ሁለቱን ነገር ደመሩት፤ «ታማለች» ተብሏል፣ የተደወለውም ለእሳቸው ነው። ታማ ብቻ ቢሆን ኖሮማ ለልጅቷ ራሷ አይደውልም ነበር? ማንም ቢሆን እንዲሁ ይደምራል። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን የምለው ያንኑ ነው።

ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ከፊት፣ ከግድግዳዬ ማዶ የሚኖሩት እትዬ ከኋላ፣ ሁለት የማኅበሩ ሰዎች ደግሞ ከእነሱ ጀርባ ቆመዋል። ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። አፋቸውን ሳይከፍቱ አወቅኩ። ሰው በዚያ ሰዓት፣ እንደዚያ ለብሶ፣ ለሌላ ነገር አይመጣም። ጋሼ «ፊትሽን ታጠቢ ልጄ» አሉኝ። ሳልታጠብ ጮህኩ።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ። የዴም ሰው ጉድ ነው፤ ከውጭ ተኩስ እየተሰማ፣ የመንገድ መብራት ጠፍቶ፣ ሴቶቹ በየጓሮው እየተሹለከለኩ መጡልኝ። ጀብራ ሰፈር፣ ቤታቸው የምሠራላቸው ሱዳናዊት እመቤት በዚያ ሁሉ መዘጋጋት በእግራቸው መጥተው ምንጣፌ ላይ ተቀመጡ፤ ስንት ጊዜ በሰበብ በአስባቡ ተኮራርፈናል፤ ያን ቀን ግን ከልባቸው አለቀሱ። እትዬ በሁለተኛው ቀን መቀስና ምላጭ ይዘው መጡ። «ለእናት ያልተላጩት ለማን ይሆናል?» አሉኝ። እናቴ ስታጎነጉነው ያደገው ፀጉሬ ጭኔ ላይ ወደቀ፤ ራሴን ስዳስሰው የሌላ ሰው ራስ መሰለኝ። እንባዬ ሲደርቅ በድምፄ ብቻ አለቀስኩ። የምለው አንድ ቃል ነበር። እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

በአራተኛው ቀን ማለዳ በሬ እንደገና ተንኳኳ። ከፈትኩ። ያው ሰዎች ናቸው። ነጠላቸውን እንዴት እንደሚለብሱት ግራ ገብቷቸዋል፤ ጋሼ እንደ በዓል ቀን አጣፍተዋል፣ እትዬ ግማሹን ዘቅዝቀው ግማሹን ለቀዋል፣ ሁለቱ የማኅበር ሰዎች ደግሞ ጨርሶ አጣጥፈው በብብታቸው ይዘዋል። ወንድሜ ነው አልኩ።

«ማን ሞተብኝ?» ብዬ ጮህኩ። «አሁን ደግሞ ማን ሞተብኝ?»

«ማንም አልሞተ» አሉ ጋሼ።

«ታዲያ ምን ልትሉኝ ነው በዚህ ሰዓት የመጣችሁት?»

«እሱኑ ነው» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ማንም አልሞተም ልንልሽ ነው።»

ሰው መሞቱን ለመንገር ሰዓቱም፣ አለባበሱም፣ ቃሉም አለን። አለመሞቱን ለመንገር ግን ምንም የለንም። ምስኪኖቹ የሚያውቁትን ሥርዓት ይዘው በማለዳ መጡ፤ ደሜ ፈልቶ ባይሆን ኖሮ ያስቀኝ ነበር። ወንድሜ ሌሊቱን እንደገና ደውሎ መስመሩ ጥርት ብሎለት «ምነው እህቴ ቀረችብን? እናቴ በር በሩን እያየች ነው፤ ትንፋሽ እያጠራት ነው» ብሏቸዋል። እትዬ ምንጣፌ ላይ ተደፍተው «ፀጉሯን! ፀጉሯን!» እያሉ ያለቅሱ ነበር፤ እንደገና ሊያስለቅሱኝ ነው እንዴ ብዬ ተቆጣኋቸው።

እንኳን ደስ አለሽ የሚል ሰው አልነበረም። እኔም ደስ አላለኝም፤ አላመንኩም። በሦስት ቀን አልቄ ስላዩኝ እንድጽናና ብለው ቢሆንስ? ወይም መንገድ ላይ እንዳልወድቅ? አገር ቤት እስክደርስ «አለች» ብለው ሊሸኙኝ ቢሆንስ? ይህም በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። የወገኖቼን አንደበት ስለ ሞት በምንም በኩል ማመን እንደማልችል ያን ጊዜ ገባኝ። «ሞተች» ሲሉኝ አለች፣ «አለች» ሲሉኝ ደግሞ ማን ያውቃል።

ወደ ጋሼ ሱቅ ሄጄ ጠዋቱን ሙሉ ስልካቸውን ስጠቀጥቅ ቆይቼ መስመር አገኘሁ።

«እማዬን አገናኘኝ» አልኩት ወንድሜን።

«ተኝታለች።»

«ቀስቅሳት።»

«እባክሽ፣ ሌሊቱን ስታቃስት አድራ ገና አሁን አሸለባት። ነይ ብቻ፤ ቶሎ...»

ተቋረጠ። እናቱ ለሞተችበት ሰው የሚባለውም ልክ ይኸው ነው። ጋሼ የበርበሬውን ማንኪያ እያገላበጡ ዓይኔን ሸሹት።

ትኬት ቢሮው የሄድኩት ከዚያ ነው። ትኬት ቆራጩ መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት «ቡክራ» አለኝ። በማግሥቱም «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ» አለኝ። ነገ ነገ እያለ አንዳንዱ አየር መንገድ በረራውን እንደ ሰረዘ፣ ሌላው ሠራተኛው አድማ ላይ እንደሆነ ይነግረኛል። ሰውየው ምን ያድርግ? እኔ ግን የካርቱምን ጥፋት ሁሉ በእሱ ላይ አሳበብኩ። «አንድ ሰዓት ብለኸኛል!» እያልኩ ካርታውን በጣቴ ቀጠቀጥኩት። ጋሼ በበኩላቸው በየብስ ልላክሽ፣ ገዳሪፍ የሚሄድ የጭነት መኪና አለ አሉኝ። መንገድ ላይ ስንት ቀን እንደሚቆም ግን ሊነግሩኝ አልቻሉም። የእናቴ ትንፋሽ በየትኛው መንገድ እንደሚጠብቀኝ መምረጥ ነበረብኝ። ቶሎ የሚደርሰው አውሮፕላን መች እንደሚነሣ አይታወቅም። የሚነሣው መኪና ደግሞ መች እንደሚደርስ አይታወቅም። አውሮፕላኑን ጠበቅኩ። በየሰዓቱ የተሳሳትኩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ዴም በሙሉ አንገቱን ቀና አደረገ። እኔ ያለ ጫማ ሮጥኩ። ትኬት ቆራጩ ከቢሮው ደጃፍ ላይ እሱ ዘንድ የተውኩትን ፓስፖርቴን እያውለበለበ ጠበቀኝ፤ መውጫ ቪዛዬን ቢሮ ሁሉ በተዘጋበት ሰሞን የት ሄዶ እንዳስመታው አልጠየቅኩትም። «ነገ ጠዋት» አለኝ፤ ያን ቀን «ኢንሻአላህ»ን ረሳት።

ምን ለብሼ ልሂድ? ይህ ለሌላ ሰው ጥያቄ አይመስልም። የለበስኩትን የሐዘን ጥቁር ባወልቀው፣ ደርሼ ሞታ ባገኛትስ? አውልቄው እንደገና መልበስ ፈራሁ፤ በእጄ የገደልኳት መሰለኝ። ለብሼው ብሄድና በሕይወት ባገኛትስ? እናቴን በሕይወቷ ከል ለብሼ ልግባባት? መጨረሻ ላይ ጥቁሩን ለበስኩ፣ ነጩን ነጠላ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የተላጨ ራሴን በሻሽ ጠመጠምኩት።

ከዴም አውሮፕላን ማረፊያው በእግር ይደረሳል። ሪክሻ ያዝኩ፤ ግን ሁለት መንገድ ሳንሄድ የጡብ አጥር ገጠመን። የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው ያጠሩት፤ ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ለማንም አንከፍትም ብለው ሾፌሩን እየመለሱት ሳለ አንደኛው እኔን አየ። ጥቁሬን አየ።

«መኑ ማት ያ ኻላ?» አለኝ። ማን ሞተብሽ አክስቴ ማለቱ ነው።

«ኡሚ» አልኩት። እናቴ።

ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ። ግን ምን ልበለው? መሞቷን ነግረውኝ፣ አልሞተችም ብለውኝ፣ አሁን እኔም አላውቅም ልበለው? እሱ «አል-በረካ ፊኩም» ብሎ አጽናናኝና ጎንበስ አለ። ሌሎቹም አብረውት ጎንበስ አሉ። ጡቡን አንድ በአንድ በእጃቸው አንሥተው ሪክሻዋ እስክታልፍ ከፈቱልን፤ አለፍን፤ ወዲያው መልሰው ከደኑት። ምን ያህሎቹ ከዚያ በኋላ እናቶቻቸው ዘንድ እንደገቡ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ወታደሮች አስቆሙን፣ መኪናቸው ላይ መትረየስ ተጠምዷል፤ እነሱም ልብሴን አይተው የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን ሳይገልጡት መለሱልኝ። በዚያ ሰሞን ለሁለቱም ወገን መንገድ የሚያስከፍት ነገር ሐዘን ብቻ ነበር። እኔ ግን የያዝኩት እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ የማላውቀው ሐዘን ነበር፤ ያሳፍረኝም ነበር።

አውሮፕላኑ ውስጥ በግራ በኩል መስኮት ዳር ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። አገሬ በዚያ በኩል እንደምትሆን በካርታው ላይ አጥንቼዋለሁ። ሲነሣ ዴም ከሥሬ አለፈ፤ የእኔ ቆርቆሮ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ጊዜ አልሰጠኝም። ከዚያ ቡናማ ምድር፣ ከዚያ ደመና። ግማሽ ያህል መንገድ ሄደናል ብዬ ባሰብኩ ጊዜ ግንባሬን ከመስተዋቱ ላይ ለጠፍኩ። ከደመናው በስተቀር የሚታይ ነገር የለም። ግን እዚያ ማዶ እንዳለች አውቃለሁ፤ አለች ወይም የለችም። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ፍጥነት እያለፍኳት ነው። ተነሥቼ «አውርዱኝ» ብል ደስ ባለኝ። የምታስተናግደው ልጅ ምግብ ይዛ መጣችና ልብሴን አይታ «ነፍስ ይማር፣ እናቴ» አለችኝ። «አሜን» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ምግቡን ብቻ ተቀበልኳት። ባለጌ ናት ሳትለኝ አትቀርም።

አዲስ አበባ የጎንደሩ አውሮፕላን እስኪነሣ ወንበር ላይ ተኮራምቼ አደርኩ። ወንድሜ ጋ መደወል ይቻል ነበር፤ መስመሩ ደህና ነው፣ ስልክም የሚያውሰኝ አላጣም። አልደወልኩም። «ተኝታለች» ቢለኝ ዳግመኛ የምችለው አልመሰለኝም።

አዘዞ ስወርድ ጠዋት ነበር፣ ዝናብ አባርቶ። ወንድሜ ከአጥሩ ማዶ ቆሟል። ሮጬ ከመድረሴ በፊት ከሩቅ ያየሁት ጉንጩን ነው። ተላጭቷል። እናቱ የሞተችበት ወንድ በዚያ ሰሞን ጢሙን አይላጭም። በሕይወቴ እንደዚያ የተላጨ ጉንጭ አይቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እዚያው ሻንጣዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

እሱ ግን ጥቁሬን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ምን ሆነሽ ነው? ይህን ለብሰሽ ልትገቢባት ነው?» አለኝ። ባጃጁ ውስጥ ጥቁሩን ከላዬ ገፎ ነጩን ነጠላ አለበሰኝ፤ እንደ ሕፃን እጄን እያነሣ። ስለ ሻሹ ምንም አላለም። ራሴን ስለሚያመኝ አዘውትሬ የምሸፍነው መስሎት ይሆናል።

እናቴ ከመስኮቱ ሥር ተኝታ ነበር። ትንሽ ሆናለች። ትንፋሿ ከደረቷ ሳይሆን ከጉሮሮዋ የሚነሣ ይመስላል። ዓይኗን ግን ከበሩ ላይ አላነሣችም ነበር፤ ስገባ በቀጥታ አየችኝ።

«ቆየሽ» አለችኝ።

«መንገድ ተዘግቶ ነው እማዬ።»

«በአውሮፕላን ትመጣለች ብሎኛል። ሩቅ ነው?»

«አይደለም፣ ቅርብ ነው። ስንዝር አይሞላም» አልኳት። እያለቀስኩ ነው ያልኳት።

እጇን ዘረጋች። ጉንጬን ዳሰሰች፤ ከዚያ እንደ ድሮዋ ፀጉሬን ልትነካ ወደ ላይ ስትሄድ እጇን ያዝኩት። ጉልበት አልነበራትም፣ ግን ያዘችኝ ብላ አልተወችም። ሻሹ ተፈታ። ራሴን አየችው። ምላጭ የነካው ራስ ምን እንደሆነ ለእሷ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ስንቱን የቀበረች ሴት ናት።

«ለማን ነው?» አለችኝ።

ወንድሜ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ካርቱም ይሞቃል ልላት አስቤ ነበር።

«ለኔ ነው?» አለች።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ትቆጣለች፣ ትደነግጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ለመነሣት ሞከረች፤ ወንድሜ ትራስ ደረበላት። «ሰው መጣ?» አለችኝ።

ነገርኳት። በተኩስ መሐል በጓሮ እየተሹለከለኩ የመጡትን ነገርኳት። እትዬ እንዴት እንዳለቀሱ፣ የጀብራዋ እመቤት ከምንጣፌ ላይ እንደተቀመጡ ነገርኳት። «ያች የምትጣሊያት?» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። አዎ አልኳት። ጋሼ ለሁለተኛ ጊዜ ማለዳ መጥተው «ማንም አልሞተም» ያሉትን ስነግራት ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለውጦ አስጨነቀን። የራሷን ለቅሶ እንደ ሠርግ ወሬ ነው የሰማችው፣ አንዱም እንዲቀርባት አልፈለገችም።

«አንችስ ምን ብለሽ አለቀስሽ?» አለችኝ መጨረሻ ላይ።

እንዴት ብዬ ልበላት? ወንድሜን አየሁት፣ እሱ አላየኝም።

«ሳላይሽ ነው ያልኩት» አልኳት። «‹ሳላይሽ፣ ሳላይሽ› እያልኩ ነው ያለቀስኩት።»

«ይኸው» አለችኝ። እጇን የተላጨ ራሴ ላይ አሳረፈች። «ይኸው አየሽኝ።»

ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ ተኛች ስል «ስሞት ደግመሽ እንዳትላጭ። አንዴ ይበቃል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየችም። ቀኑ ሲደርስ በመርዶ አልነበረም፤ እጇ በእጄ ውስጥ ነበር። ፀጉሬ ገና እንደ ወንድ ፀጉር ብቅ ብሏል። አክስቴ ምላጭ ይዛ መጣችና እንቢ አልኳት። በለቅሶው ላይ የተሰበሰበው ሰው ካርቱም አበላሽቷታል፣ ለእናቷ እንኳ አልተላጨችም እያለ ሲያማኝ ሰማሁ። ይማኝ።

የጨነቀኝ ሌላ ነበር። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ «ምን ትያለሽ፣ አልቅሺ እንጂ፣ በያት እንጂ» እያሉ ከበቡኝ። አፌን ከፈትኩ። የማውቀው ያንን አንድ ቃል ነው። እሱን እንዳልል አይቻታለሁ።